ድንጋይ ሲላጥ

እኔ የማስተምረው ድንጋይ ነው። መሳቅ ከፈለጋችሁ ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ። አሰላ ያለችው ታላቅ እህቴ እንኳ ለጎረቤት ስታስተዋውቀኝ «ወንድሜ ወልድያ መምህር ነው» ትልና እዚያው ላይ ታቆማለች። «የምን?» ካሏት ወሬውን ወደ ኑሮ ውድነት ታዞረዋለች። አንድ ቀን ቤቷ የመጡ አዛውንት ግን አልለቅ ብለው «ድንጋይ ምኑ ይጠናል ልጄ? ቁጭ ያለ ነገር!» አሉኝ። ቁጭ እንደማይል ላስረዳቸው ተነሳሁ። ከምድር ሆድ ቀልጦ እንዴት እንደሚወጣ፣ እንዴት ቀዝቅዞ እንደሚጠጥር፣ ኋላ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁ እንዴት እንደሚያበሰብሱት፣ በስብሶ አፈር ሆኖ በወንዝ ተጭኖ እንዴት ባሕር እንደሚወርድ። ባሕሩ ጋ ሳልደርስ አንቀላፉ።

ድንጋይ ይበሰብሳል ያልኩትን ግን ያዙልኝ። በየዓመቱ የማስተምረውን ይህንኑ ነገር ረስቼ ነው መርሳ ከተማ ላይ ጉድ የሆንኩት።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ ክረምት ላይ፣ ወልድያ ልትያዝ ነው ሲባል እንደ ሰዉ ሁሉ እኔም ወደ ደሴ በእግሬ ወጣሁ። ሰው ሲሸሽ ምን እንደሚይዝ ያየ ያውቀዋል። የተማረው ዲግሪውን ይይዛል፤ እናት ልጇን ትይዛለች፤ የአከራዬ ሚስት ዶሮዎቿን በዘምቢል ይዛለች። አንዱ ባልደረባዬ ቴሌቪዥኑን በአንሶላ አዝሎ ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ ሕፃን መስሎት «አይዞህ» ይለዋል። እኔ ምን ይዤ እንደወጣሁ ልንገራችሁ? ለተማሪዎች የማሳየውን የማዕድን ሳጥንና የድንጋይ መዶሻዬን። ሌባ እንዳይወስደው ብዬ! እስቲ አሁን ያን ቀን ሌባ ቢኖር፣ ያ ሁሉ ባዶ ቤት እያለለት፣ የእኔን በር ሰብሮ ኳርትዝ ሊሰርቅ ነው? ካልሲ እንኳ አልያዝኩም።

ሲሪንቃን እንዳለፍን የቀኝ ጫማዬ ሶል አፉን ከፈተ። ሳጥኑን በትከሻዬ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ እያነከስኩ መርሳ ደረስኩ። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ ግቢ አንኳኳሁና ጫማዬን የማስርበት ሲባጎ ለመንኩ። የከፈቱልኝ የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ረዘም ያሉ፣ ሲናገሩ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ የሚያደርጉ ሴት። ጫማዬን አዩት፣ እግሬን አዩት፣ ሳጥኑን አዩት።

«ሲባጎ አይበቃህም፤ ግባ» አሉኝ።

«አይ፣ ደሴ ለመድረስ ቸኩያለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

«በዚህ እግርህ? ደሴ አንተ ካልደረስክ ብላ አታለቅስም። ግባ ብያለሁ!»

ገባሁ። በነጋታው በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ፤ ብዙም ሳይቆይ መርሳም ተያዘች። ሲባጎ ልለምን ብዬ የገባሁበት ቤት ክረምቱን አስወጣኝ፣ መኸሩንም ጨመረልኝ።

ቤቱ ውስጥ ከእትዬ ዘይነባ ሌላ ልጃቸው ሰዓዳ ነበረች። እርጉዝ ናት፣ ቀኗ ደርሷል። ባሏ ሙሐመድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጭነት ይዞ ወደ ጅቡቲ እንደወጣ መንገዱ ተዘጋና በዚያው ቀረ። ስልክ የለ፣ መብራት የለ። በሕይወት ይኑር አይኑር አታውቅም። ባትሪው ያለቀ ስልኳን ከትራሷ ሥር እያወጣች ታየውና መልሳ ታስቀምጠዋለች። ያንን ማየት አልወድም ነበር።

መጀመሪያ ያለቀው ጨው ነው። ጨው ሲያልቅ ሰው ምን ያህል ቁጡ እንደሚሆን ያልደረሰበት አያውቅም። አንድ ቀን እትዬ ዘይነባ ምስር ወጡን እያማሰሉ «እስቲ ያን ሳጥን ክፈተው፤ ምን ይዘህ ነው እንደ ታቦት ተሸክመህ የመጣኸው?» አሉኝ። ደስ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ተማሪ አገኘሁ ብዬ ከፈትኩና ጀመርኩ። ይህ ጂፕሰም ነው፣ በጥፍር ይፋቃል። ይህ ካልሳይት ነው፣ በጥፍር አይፋቅም። ይህ ነጩ ሃላይት ነው።

«ሃላይት?» አነሱትና በምላሳቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «ይኼማ አሞሌ ነው!»

«ነው፣ ግን እትዬ፣ እሱ ለናሙና የተቀመጠ...»

«ይቀመጥ፣ ሆዳችን ውስጥ ይቀመጣል» ብለው ድስቱ ውስጥ ጨመሩት።

ወጡ እንዴት ይጥም እንደነበር አትጠይቁኝ። ያንን ሃላይት ስንት ተማሪ እንዳገላበጠው፣ ስንቱ ሰነፍ ደግሞ ፈተና ላይ ለማረጋገጥ እንደላሰው ግን ትንፍሽ አላልኩም። በዚህ ዓይነት ከሳይንስ ወገን የመጀመሪያውን መሥዋዕት ከፈልን።

ከዚያ ሰዓዳ ወለደች፤ ወንድ ልጅ። እናቷ አስቀድመው ለአራስ ገንፎ ብለው ከደጋ ያስመጡት ገብስ ተሸክሽኮ፣ ተቆልቶ፣ በማድጋ ተቀምጧል። ቅቤውም አለ። የጠፋው ዱቄት ነው። ወፍጮ ቤቱ መብራት የለውም፤ ናፍጣ የሚጠጣውም ናፍጣ የለውም። በሙቀጫ ወቀጥነው፤ ልቡ አልደቅ ብሎ ገንፎው ውስጥ ጠጠር ሆነ። ሰዓዳ አንድ ጊዜ ጎረሰችና ጉሮሮዋን ይዛ ፊቷን አዞረች። ጡቷ ወተት አጣ። ሕፃኑ ቀን ሲያለቅስ ይውልና ማታ ማልቀሻ አቅም ያጣል። እትዬ ዘይነባ ከልጃቸው ፊት ይቀልዳሉ፤ ጓሮ ሲወጡ ግን በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ሰፈሩ ውስጥ አንዲት የእጅ ወፍጮ ያላቸው ሴት አሉ፤ እሳቸው በር ላይ ያለው ወረፋ ሲደርሰን ልጁ ቆሞ መሄድ ይጀምራል።

አንድ ጠዋት እትዬ ዘይነባ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ፊቴ ቆሙ።

«አንተ፣ የድንጋይ መምህር ነኝ ብለኸኝ የለ?»

«አዎ፣ ነኝ።»

«በል እንግዲያ ወፍጮ የሚሆን ድንጋይ አምጣልኝ።»

በሕይወቴ ሙያዬን የፈለገ ሰው ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። ደረቴ ተነፋ። ተነሳሁና ገለጻ አደረግሁ። ከቅልጥ የተሠራ ዓለት ሁለት ዓይነት ነው አልኳቸው፤ ከመሬት በታች ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ግራናይት ይሆናል፣ ፍሬው ትልልቅ ነው፣ ኳርትዝ አለበት፣ ኳርትዝ ደግሞ ቢላ አይበግረውም፤ ላይ ወጥቶ በፍጥነት የቀዘቀዘው ባዛልት ነው፣ ይህ በየሜዳው የምናየው ጥቁር ድንጋይ። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ግራናይት ነው።

«ጥሩ። እሱ የት ነው ያለው?»

አሰብኩ። የማውቀው ግራናይት ሁሉ ጦር ግንባሩን አቋርጦ ማዶ ነው። መርሳ ያለችበትን የሐብሩ ወረዳ ከዳር እስከ ዳር ቢያስሱት ባዛልት ብቻ ነው። «በባዛልትም ይቻላል» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

እዚህ ላይ ጎረቤታችን አባ እንድሪስ ገቡ። አህያ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ከአህያው ሌላ በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት አላቸው። በሽታ ሲጠሩላቸው መድኃኒቱን ያውቃሉ፣ ጦርነቱም መቼ እንደሚያልቅ ያውቃሉ፤ አንዱም ሲሆን ግን አላየሁም። ወፍጮ ሲባል አጥር ዘለው ነው የመጡት።

«አብሽሩ! ድንጋይ ለእኔ ተዉት። ዋናው ክብ መሆኑ ነው። ክብ ድንጋይ ሸክላ አይደለም፣ አይሰበርም» አሉ።

«ልክ ነው አባ» አልኩ እኔ። ለምን ልክ ነው እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁለታችን አህያውን ነድተን ከከተማው በላይ ወዳለው ተረተር ወጣን። ገደሉ ውስጥ፣ ከቀይ አፈር ግማሹን ብቅ አድርጎ፣ አንድ ድንጋይ ተቀምጧል። ምን ልበላችሁ! ድፍን ክብ። ሙክት ያህላል። አንድ ስንጥቅ የለውም። ዙሪያውን ዞርኩት፣ ዳሰስኩት፣ ዓይኔ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው። አባ እንድሪስም «ማሻአላህ» ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አህያው ግን ድንጋዩን አየ፣ እኛን አየ፣ ዞሮ ቁልቁል ወደ ቤቱ ሄደ። ከሦስታችን ጭንቅላት የነበረው እሱ ነው።

«እናንከባልለዋ!» አሉ አባ እንድሪስ።

አንከባለልነው። አንከባለልነው ስል አንዴ ገፋነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ራሱ ጨረሰው። ድንጋዩ እያጓራ፣ አቧራ እያስነሳ ቁልቁል ሲወርድ ታች ማሽላ የሚጠብቁ ሰዎች «ከባድ መሣሪያ!» ብለው በደረታቸው ተኙ። ድንጋዩ አጥር ጥሶ፣ ማሽላ አስተኝቶ፣ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ዝም ሲል አንዲት ሴት ከማሽላው መካከል አፈሯን እያራገፈች ተነሳች።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ወፍጮ ነው» አልኳት እየሮጥኩ።

«የት አባቱ የሚሄድ ወፍጮ ነው? የመድፉ አንሶ ደግሞ ወፍጮ ይተኮስብን?»

ለአራስ መሆኑን ስነግራት ግን ቁጣዋ በአንዴ በረደ። «ኧረ ለአራስ ከሆነማ» አለችና ወንዶቹን ጠራች። እነሱ እንጨት ቆርጠው ቃሬዛ ሠሩልን፤ ድንጋዩን በመከራ ጫንነው። ስህተቱ የመጣው ከዚህ ነው። አባ እንድሪስ «በየኬላው ምንድን ነው፣ ከየት ነው እየተባልን አንጨቃጨቅ» ብለው ጋቢያቸውን አውልቀው ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች ሸፈኑት።

እንግዲህ አስቡት። ጦርነት ነው። አራት ሰው ቃሬዛ ተሸክሟል። ቃሬዛው ላይ ጋቢ የለበሰ ነገር አለ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ አንገታቸውን ደፍተው ይከተላሉ፤ አንገታቸውን የደፉት ጋቢያቸውን አውልቀው ስለበረዳቸው ነው፣ ይህንን ግን ማን ያውቃል? በዚያ አገር ደግሞ ቃሬዛ ያየ ሰው ማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ የሚያውቀው ይሁን የማያውቀው፣ የያዘውን ጥሎ ትከሻውን ያስገባል። መጀመሪያ አንድ የጫት ነጋዴ መጣና እኔን ገፋ አድርጎ ገባ። ከዚያ ሁለት ሆኑ። ከዚያ መንገዱ ሞላ። «አላህ ይማረው» ይላል አንዱ፤ «ነፍሱን በገነት ያኑር» ይላል ሌላው። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ትከሻ የቀየረ ጎልማሳ እያለከለከ «ረቢ! ምን ያህል ከባድ ሰው ነው!» አለ። «በድንገት ነው?» ብሎ በጆሮዬ የጠየቀኝም ነበር። ምን ልበል? «ቆይቷል» አልኩት።

«አባ፣ እንንገራቸው እንጂ» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ዝም በል! አሁን ብንነግራቸው እዚሁ ጥለውት ይሄዳሉ።»

እውነት ለመናገር እኔም የተመቸኝ ይመስለኛል፤ ትከሻዬ አርፏል። እንዲህ ሆነን ሰፈራችን ደረስን። ሰዉ «ወዴት ነው?» ሲል አባ እንድሪስ በጣታቸው የእትዬ ዘይነባን በር አሳዩ። በሩን ያዩት የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ያ ቤት የጠፋ ሰው እንዳለው ያውቃሉ። አንዷ ጮኸች።

«ወይኔ ሙሐመድ!»

ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ። እትዬ ዘይነባ በሩ ላይ ታዩ፤ እጃቸው ወገባቸው ላይ አልነበረም። ከኋላቸው ሰዓዳ ባዶ እግሯን፣ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወጣች። አልጮኸችም። ቃሬዛውን ብቻ ነው የምታየው። አስተማሪ ነኝ፣ በሕይወቴ ብዙ ፊት አይቻለሁ፤ ያንን ፊት ግን አልረሳውም። ሰዉን በክርኔ እየገፋሁ ዘልዬ ገባሁና ጋቢውን ገፈፍኩት።

«ድንጋይ ነው! ሰዓዳ፣ ድንጋይ ነው! ወፍጮ ነው! ሙሐመድ አይደለም!»

ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ቀስ ብለው አወረዱት። ሰዓዳ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ድንጋዩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ሳቀች። እንባዋ እየወረደ፣ ሕፃኑ ደረቷ ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከወለደች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። እሷ ስትስቅ ሰዉም ሳቀ። እትዬ ዘይነባ ብቻ አልሳቁም፤ መጡና በጥፊ አጮሉኝ። ከዚያ አቅፈውኝ አለቀሱ። ሁለቱም ይገባኝ ነበር።

በነጋታው ወፍጮውን መውቀር ያዝን። ትናንት ቃሬዛ የተሸከመው ሁሉ «ሟቹ እንዴት አደረ?» እያለ ሊያይ መጥቷል። ቴሌቪዥን ከጠፋ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር አላዩም። መዶሻዬን አነሳሁና ቢስሚላሂ ተብሎ መታሁት። ዱፍ አለ። ከድንጋዩ ጀርባ ሰፊ ቅርፊት ተላቆ ወደቀ።

«ቆዳው ነው» አሉ አባ እንድሪስ ለሕዝቡ። «ጥሩ ድንጋይ ቆዳ አለው።»

ደግሜ መታሁ። ሌላ ቅርፊት። ውስጡ ቢጫ፣ በጣት ሲነኩት የሚረግፍ። «ሁለተኛ ቆዳው ነው» አሉ። ሦስተኛው ሲወድቅ አባ እንድሪስ አህያዬን ውኃ ላጠጣ ብለው ሄዱ። እኔ አላብኩ። ብመታው ይላጣል፤ ባልመታውም ራሱ ይላጣል። ሙክት የነበረው ጠቦት ሆነ፣ ጠቦቱ ጥቅል ጎመን ሆነ። «አስከሬኑ እየከሳ ነው!» አለ የጫት ነጋዴው፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ያኔ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ መዶሻዬን እንደያዝኩ፣ ትዝ አለኝ። የሦስተኛው ሳምንት ትምህርት! ባዛልት አፈር ውስጥ ሲቀበር ውኃ በየስንጥቁ እየገባ ከዳር ወደ መሃል ያበሰብሰዋል፤ ማዕዘኑ ቀድሞ ስለሚበላ ክብ ይሆናል፤ ከዚያ እንደ ሽንኩርት በየሽፋኑ ይላጣል። በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። ስላይድ አለኝ። ፈተና ላይ አወጣዋለሁ፤ ያልመለሰውን ጥያለሁ! ግን የእኔ ስላይድ ላይ ያለው ፎቶ ከባሕር ማዶ ነው፤ ጎኑ ላይ መጠኑን ለማሳየት የተቀመጠ እስክሪብቶም አለው። መርሳ ላይ፣ ያለ እስክሪብቶ ሲመጣ አላወቅሁትም። ክብ ስለሆነ የወደድኩት ድንጋይ ክብ የሆነው በስብሶ ነው።

ሰዉ እየሳቀ ተበተነ። ጓዳ ውስጥ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። እትዬ ዘይነባ መጥረጊያ አንስተው ግቢውን መጥረግ ያዙ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቅርፊቱን በእግሬ ገፋሁና ቧንቧው አጠገብ ካለው የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እጄ ላይ የቀረችው የድንጋዩ ልብ ብቻ ናት፤ ድቡልቡል ዳቦ የምታህል፣ ጥቁር፣ ለመጨበጥ የምትመች። በብስጭት በመዶሻዬ ጫፍ ነካ አደረግኋት። ክሊን አለች። ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ደገምኳት። ክሊን! ያልበሰበሰ ድንጋይ እንዲህ ነው የሚጮኸው፤ ያ ቅርፊት ሁሉ ዱፍ ዱፍ ሲል የነበረው ሞቶ ስለነበር ነው።

«እትዬ፣ ይቺ ምን ትሆናለች?» አልኩ ወደ ላይ አንስቼ።

ዞር ብለው አዩአት። «እሷማ መጅ ትሆናለች። በእጅ ይዘው የሚፈጩባት። ግን ከላይ ያለው ብቻውን ምን ያደርጋል? ከታች የሚተኛው ነው የጠፋው።»

ብስጭቴ አልወጣልኝም ነበርና መዶሻውን የተቀመጥኩበት ድንጋይ ጠርዝ ላይ ጣል አደረግሁት። ክሊን አለ።

ተነሳሁ። ዙሪያውን መታሁት፤ ሁሉም ቦታ ክሊን። በየሳምንቱ ሸሚዜን የማጥብበት፣ እግሬን ያሸሁበት፣ ሳሙና ያስቀመጥኩበት ድንጋይ! «ይኼ ድንጋይ ከየት የመጣ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔ ምን አውቄ! ለዚህ ቤት ስዳር እዚያው ነበር። አማቴ ናቸው የልብስ ማጠቢያ ነው ያሉኝ።»

«እስቲ ያግዙኝ፣ እናገላብጠው።»

በእንጨት ፈነቀልነው። ከሥሩ ጉንዳን ወጣ፣ ጭቃ ወጣ። እትዬ ዘይነባ ውኃ ደፉበት። በመካከሉ ከላይ እስከ ታች ሲፈጭበት የኖረ፣ ልስልስ ያለ ጎድጓዳ ታየ። ወፍጮ ነው! መጁ ብቻ የለም። እትዬ ዘይነባ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«አማቴ...» አሉ። «ስንት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ወፍጮ የለዎትም ወይ ብዬ። ወፍጮ ቤት የተተከለ ዕለት ነው የገለበጡት! ደግሞ ፍጪ እንዳይሏቸው ነው! መጁንም የጣሉት ለዚህ ነው!» ከዚያ በሳቅ ፈነዱ። «አላህ ይዘንላቸው፤ እኔም ብሆን እገለብጠው ነበር።»

እንግዲህ ማን ይፍጭ የሚለው መጣ። ሰዓዳ አራስ ናት። እትዬ ዘይነባ ትከሻቸው ታሟል። አባ እንድሪስ ውኃ አጠጥተው ተመልሰው፣ ዝግጅቱን ሲያዩ «ኧረ በአላህ፣ ወንድ ልጅ ወፍጮ ላይ ሊንበረከክ? ከዚህ ግቢ ወሬው እንዳይወጣ!» ብለው በሩን ዘጉና ራሳቸው ዘብ ቆሙ። ተንበረከክሁ። መጀመሪያ የተፈጨውን ለዶሮ ደፋነው፤ አቧራው እስኪጠራ። ከዚያ ገብሱ ተጨመረ። ወገቤ ተቆረጠ፣ መዳፌ ውኃ ቋጠረ፣ ጉልበቴ ተላጠ። እትዬ ዘይነባ ከበላዬ ቆመው «ግፋ! ሳበው! ድንጋዩን ማባበል ምን ይሉታል፣ ግፋ እንጂ!» ይሉኛል። ያን ዓይነት ቁጣ ተማሪዎቼ ላይ ተቆጥቼ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ባለ ማዕረግ ይሆኑ ነበር።

ገንፎው ቀረበ። ሰዓዳ ጎረሰች። ሁላችንም ጉሮሮዋን እናያለን። ዋጠች። ደገመች። ሳህኑን ጨርሳ ጣቷን ላሰች፤ እትዬ ዘይነባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም ከድስቱ ጥግ ቀመስኩ፤ ጥርሴ ስር ቀጭ አለ። ከመጁ የረገፈ ማዕድን፣ ኦሊቪን ይመስለኛል። ዝም ብዬ ዋጥኩት።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ በሩ ይዘጋል፣ አባ እንድሪስ ዘብ ይቆማሉ፣ እኔ እፈጫለሁ። ወተቱ መጣ። ሕፃኑ ጉንጭ አወጣ፣ አንገት አወጣ፣ ጭራሽ እጥፋት አወጣ። መዳፌ ደረቀና እኔም ቆዳ አበጀሁ። ሰፈሩ ውስጥ ግን ማን እንደሚፈጭ አልተወራም፤ እንደ አባ እንድሪስ አባባል የጎበዝ ሚስጥር ነው።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተ። የመጀመሪያው መኪና ጨው ይዞ ገባ። እትዬ ዘይነባ በላስቲክ ቋጥረው የሃላይቱ ቦታ ላይ አስቀመጡልኝና «የሰው ዕቃ በልተን አንቀርም» አሉኝ። ወደ ወልድያ ልመለስ ሳጥኔን አዘጋጅቼ፣ ለክፍል ማሳያ ከቅርፊቱ የተወሰነውን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ልሰናበት በር ላይ እንደቆምኩ አንድ አቧራ የጠጣ ሰው እየሮጠ ገባ። ማንነቱን ማንም አልነገረኝም። ሰዓዳ ከጓዳ ስትወጣ ፊቷን አየሁት፤ በቃ፣ ገባኝ።

ሙሐመድ ልጁን ተቀብሎ ታቀፈ። ከዚያ ጉንጩን ነካ፣ ጭኑን ነካ። «እንዴት ወፈረ?» አለ። «በየመንገዱ ሰው በረሃብ... እኔ እኮ... እንዴት አኖራችኋቸው?»

ሰዓዳ ወፍጮው ጋ ወሰደችው። የቃሬዛውን ነገር፣ ጩኸቱን፣ ቅርፊቱን፣ ሁሉንም ነገረችው። «አንተ ነህ ብለው አለቀሱልህ። ያ ሁሉ ድንጋይ ተልጦ ይቺ ብቻ ቀረች። እሷ ናት ያበላችን» አለችና መጁን በእጁ ሰጠችው።

አገላብጦ አያት። የራሱን ሬሳ በመዳፉ የያዘ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ጎንበስ ብሎ ሳማት። ቀና ሲል እኔን አየኝ፤ በር ላይ ሳጥን ተሸክሜ ቆሜያለሁ። ጨበጠኝ። መዳፌ ከመጁ ይልቅ ሻካራ ነበርና እጄን ሳይለቅ ገልብጦ አየው። ወፍጮውን አየ፣ መዳፌን አየ። አባ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ሰማይ ተመለከቱ።

«ይኼ ደግሞ ማነው?» አለ ሙሐመድ፣ እጄን እንደያዘ።

«እሱማ ሲባጎ ሊለምን የመጣ ነው» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«ታዲያ ሲባጎውን ሰጡት?»

እትዬ ዘይነባ ደረታቸውን መቱ። «ወላሂ፣ ረስቼዋለሁ!»

እኔም አላስታወስኳቸውም ነበር።